«ፕሬዚዳንቱ ዲቪን ሰረዘው» ለምትሉኝ ሁሉ

የኢሚግሬሽን ፎርም እየሞላሁ ነው የምተዳደረው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካሜራ ፊት ተቀምጦ አንድ ወረቀት በፈረመ ቁጥር ስልኬ አያርፍም፦ «ዲቪን ሰረዘው አሉ፤ እውነት ነው?»

ሊሰርዘው አይችልም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ዲቪ የአሜሪካ ሕግ አውጪ የሆነው ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ የመጣ ነው፤ ሕግን የሚሽረው ደግሞ ሌላ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንቱ ብቻውን የሚፈርመው ትእዛዝ ሕግ አይደለም፤ ተከታዩ ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ ሊሽረው ይችላል።

«ታዲያ በ2020 ያን ሁሉ ዕድለኛ ማን አስቀረው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሄ ደህና ጥያቄ ነው። ኮንግረስ የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ የማገድ ሥልጣን በሌላ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቶታል፤ ትራምፕ በኮቪድ ጊዜ የተጠቀመው በዚያ ነው። ዲቪ በሕግ እንዳለ ነው፣ ቪዛው ግን ቆመ። ዕድለኞች ከሰሱ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ያለ የፌዴራል ዳኛ የዲቪ ጉዳዮች በፍጥነት እንዲታዩ አዘዘ። ኮንግረስ ያወጣውን ፕሬዚዳንቱ አገደ፣ እገዳውን ዳኛ ገደበው፤ የሥልጣን ክፍፍል የምትሉት ይኸው ነው።

አዳማ ያለ አንድ ደንበኛዬ ግን «ተሰርዟል» የሚለውን ወሬ አምኖ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ሳይሞላ ተቀምጦ ነበር። የዳኛው ትእዛዝ ለእሱ ምንም አልፈየደለትም። የዲቪ ቪዛ የሚሰጠው እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ ነው፤ ለከርሞ አይተላለፍም። ስለዚህ ዕድሉ ከወጣላችሁ ቲክቶኩን ዝጉና ፎርሙን ሙሉ፣ ፓስፖርት አውጡ፣ የፖሊስ ማስረጃችሁን አዘጋጁ። «እስኪጣራ ልጠብቅ» አትበሉኝ።

ሌሎቹን ወሬዎች ባጭሩ ልጨርስ።

«ፕሬዚዳንቱን ኮንግረስ ከሰሰው፣ አለቀለት።» ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፤ የሚፈርደው ሌላኛው፣ ሴኔቱ ነው፣ ለማውረድም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰንም፣ ክሊንተንም፣ ሁለቴ የተከሰሰው ትራምፕም በሴኔቱ ነፃ ወጥተዋል።

«አጎዋን ኮንግረስ ነጠቀን።» አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ ነው፤ ሕጉ የኮንግረስ ነው። ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያስወጣት ግን በዚያው ሕግ በተሰጠው ሥልጣን ፕሬዚዳንት ባይደን ነው።

«ፕሬዚዳንቱ የሾማቸው ዳኞች አይፈርዱበትም።» በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የዋይት ሐውስን የድምፅ ቅጂዎች እንዲያስረክብ 8 ለ 0 ወሰነበት፤ ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሥልጣን ለቀቀ።