ሀይዌይ 1ን በካምፐር ቫን

ከሰሜን ካሊፎርኒያዋ ሌጌት ተነስቶ እስከ ደቡቧ ዴና ፖይንት፣ የፓስፊክን ውቅያኖስ ዳር ይዞ የሚወርድ መንገድ አለ። መደበኛ ስሙ ስቴት ሩት 1 ነው። ሰው ግን ሀይዌይ 1 ይለዋል፤ በሎስ አንጀለስ በኩል ያለውን ክፍል ደግሞ ፒሲኤች (ፓስፊክ ኮስት ሀይዌይ)። ርዝመቱ 1,055 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫን ውስጥ እያደሩ በባሕር ዳር መጓዝ ሲነሳ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ይህንኑ መንገድ ነው።

ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። የቫኑ የኋላ በር ተከፍቷል፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፣ ከበሩ ባሻገር ባሕር ብቻ። ፎቶው የማይናገረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እዚያ ቦታ ማደር አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ራሱ በየጥቂት ዓመቱ እየተናደ ባሕር ይገባል። እንደልብ የሚኬድበት የሚመስለው ይህ ጉዞ ሲቀርቡት የቀጠሮ ጉዞ ነው። ቀጠሮውን ደግሞ አንዳንዴ ተራራው ይሰርዘዋል።

ስሙ የገነነው ክፍል ቢግ ሰር ነው። ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን ያለው፣ የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ቀጥ ብለው ወደ ባሕር የሚወርዱበት። መንገድ ከመኖሩ በፊት እዚያ የሚደረሰው በፈረስ ወይም በመርከብ ነበር። በ1894 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስ የተባለች መርከብ ፖይንት ሰር አጠገብ አደጋ ደረሰባት። ዶክተር ጆን ሮበርትስ ከሞንትሬይ ተጠርቶ በፈረስ ጋሪ ገሰገሰ። ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ዳርቻውን እስከ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ በአምስት ቀን በእግሩ ሄዶ አየው። ከዚያ በኋላ መንገድ ይሠራ እያለ ባለሥልጣናቱን መወትወት ሥራው ሆነ።

ስቴቱ መንገዱ እንዲሠራ የፈቀደው በ1919 ነው። እስኪያልቅ 18 ዓመት ፈጀ። ዐለቱ በድማሚት ይፈረከሳል፣ ፍርስራሹ ቁልቁል ወደ ባሕር ይገፋል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሳን ኩዌንቲን እስር ቤት የመጡ ታራሚዎች ነበሩ። በቀን 35 ሳንቲም ይከፈላቸዋል፣ ከፍርዳቸውም ይቀነስላቸዋል። ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት የቢክስቢ ድልድይ በ1932 አለቀ። ባለ አንድ ቅስት ኮንክሪት ነው፤ 218 ሜትር ይረዝማል፣ ከሸለቆው ወለል 80 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የሚገርመው ድልድዩ ሲያልቅ ገና ወዲያኛው ጫፍ የሚደርስ መንገድ አልነበረም። መንገዱ ተያይዞ የተከፈተው በ1937 ነው።

ተከፈተ እንጂ አልተረጋጋም። የአባይ በረሃን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል። ቢግ ሰር ላይ ዐለቱ የተሰባበረ ነው። ከታች ማዕበሉ እግሩን ይቦረቡረዋል፣ ከላይ የክረምቱ ዝናብ (እዚያ ክረምቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው) ያርሰዋል። በደረቁ ወራት እሳት ተነስቶ ቁጥቋጦውን ከበላው ደግሞ አፈሩን የሚይዝ ሥር አይኖርም።

የ2017 ዓመት የባሰ ነበር። በየካቲት ዝናቡ የፋይፈር ካንየንን ድልድይ ሰነጠቀው፤ የማይጠገን ሆኖ ስለተገኘ ፈረሰ። ከድልድዩ በስተደቡብ ያሉ ነዋሪዎች እንደ ደሴት ተቆርጠው ቀሩ። ልጆች ጫካ ውስጥ በተጠረገ የእግር መንገድ እየወጡና እየወረዱ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። አዲሱ የብረት ድልድይ በጥቅምት ተከፈተ። እሱ ሳያልቅ ግን በግንቦት ወር ማድ ክሪክ የሚባለው ቦታ ላይ ተራራው ተናደ። መንገዱ ተቀበረ፣ ናዳው ባሕሩን ገፍቶ አዲስ መሬት ሠራ። 54 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ መንገዱ በናዳው ላይ እንደገና ተዘርግቶ የተከፈተው በሐምሌ 2018 ነው። በ2021 ራት ክሪክ ላይ ሌላ ቁራጭ ተወሰደ፤ ያም በቀደመው ዓመት እሳት የበላው ቁልቁለት ነበር። በ2023 ፖልስ ስላይድ፣ በ2024 ሪጀንትስ ስላይድ የተባሉት ናዳዎች ተከተሉ። ማሊቡ በኩል ያለው ክፍል ደግሞ በጥር 2025 በተነሳው የፓሊሴድስ እሳት ምክንያት እስከ ግንቦት ተዘግቶ ቆይቷል።

ስለዚህ ቫን ከመከራየት በፊት የሚደረገው ነገር የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ ማየት ነው። መሀል ላይ ከተዘጋ ወደ ኋላ ተመልሶ በውስጥ በኩል 101 በሚባለው አውራ ጎዳና መዞር ነው፤ ቀኑ በዚያው ያልቃል። በቢግ ሰር መሀል ተራራውን የሚሻገር አንድ መንገድ ብቻ አለ፣ ናሲሚዬንቶ ፈርጉሰን የሚባል። እሱም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ራሱም የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ወደ ቫኑ እንምጣ። የዚህ ሁሉ አያት የፎልክስዋገን ቫን ነው። በ1950 መመረት ጀመረ፣ በዓመቱ ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ አልጋና ቁም ሳጥን ይገጥምለት ጀመር። በ1960ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ቤታቸው አደረጉት። አሁን የሚከራዩት በብዛት መርሴዲስ ስፕሪንተር፣ ፎርድ ትራንዚትና ራም ፕሮማስተር ናቸው። ውስጣቸው አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ፣ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ሁለተኛ ባትሪ፣ የንጹሕ ውሃ ታንከርና የእጣቢ ታንከር ይኖራል። ሽንት ቤት ያለውም የሌለውም አለ። አውቶቡስ የሚያህለውን ትልቁን የመኝታ መኪና ይዞ ቢግ ሰር መግባት ይቻላል፤ ግን ማቆሚያ ማግኘት መከራ ነው። በእኔ ግምት ለዚህ መንገድ ከ6 ሜትር የማይበልጥ ቫን ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ የት ይታደራል የሚለው ነው። ቢግ ሰር ውስጥ በመንገድ ዳር ማደር ክልክል ነው፤ ምልክቱ በየቦታው ተተክሏል፣ ቅጣትም አለ። የሚታደረው በካምፕ ቦታ ነው። ፋይፈር ቢግ ሰር የሚባለው የስቴት ፓርክ በሬድዉድ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፣ ባሕር አይታይም። ኪርክ ክሪክ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ማዕበሉ ይሰማል። የመጠጥ ውሃ ስለሌለው ታንከር ሞልቶ መምጣት ግድ ነው። ወደ ደቡብ ሞሮ ቤይ፣ ከዚያም ማሊቡ አጠገብ ሊዮ ካሪዮ አለ። የስቴቱ ፓርኮች ቦታ ማስያዣ ከስድስት ወር በፊት ይከፈታል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለ ቅዳሜና እሁድ የሆነ እንደሆነ በደቂቃዎች ያልቃል። ድንገት ልውጣ ላለ ሰው ያለው ዕድል የሰረዙ ሰዎችን ቦታ መጠበቅ፣ ወይም በሥራ ቀን መሄድ ነው። እጣቢውን ደግሞ ለዚሁ በተሠራ መድፊያ እንጂ ቁጥቋጦ ውስጥ መድፋት ነውርም ወንጀልም ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳት ይመረጣል። አሜሪካ በቀኝ ስለሚነዳ ባሕሩ በራስ በኩል ይሆናል፣ ለእይታ ማቆሚያዎቹም መንገድ ሳይሻገሩ ይገባባቸዋል። ከሎስ አንጀለስ የሚነሳ ሰው በ101 ፈጥኖ ወጥቶ በ1 ቀስ ብሎ ቢወርድ ይሻለዋል። ከኋላ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከተሰለፈ ዳር ወጥቶ ማሳለፍ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ የአካባቢው ሰው ወደ ሥራው እየሄደ ነው። ስልክ ለረጅም ርቀት ኔትወርክ የለውም፣ ነዳጅም እዚያ ውድ ነው፤ ካርሜል ላይ መሙላት ነው። ወቅቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰኔና ሐምሌ ባሕሩ በጉም ይሸፈናል፣ ማለዳ ላይ ድልድዩም አይታይ። መስከረምና ጥቅምት ጠራ ያሉ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ዓሣ ነባሪዎች ያልፋሉ፣ ግን የናዳውም ወቅት ያው ነው።

በመንገድ ላይ የሚታየው ብዙ ነው። ፒዬድራስ ብላንካስ ዳርቻ ላይ የባሕር ዝሆን የሚባሉት እንስሳት ይተኛሉ፤ ወንዱ ከ2 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ወደዚያ ዳርቻ መምጣት የጀመሩት በ1990 ነው። እዚያው አቅራቢያ ሳን ሲሚዮን ላይ የጋዜጣ ከበርቴው ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ያሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት አለ። ሰውዬው የግል የአራዊት ማቆያ ነበረው። ማቆያው ሲበተን የቀሩት የሜዳ አህዮች ዘሮች ዛሬም ከላሞች ጋር ሲግጡ ከመንገዱ ይታያሉ። ለአበሻ ዓይን እንግዳ አይደሉም፣ ያሉበት ቦታ እንጂ።

ስንቅን በተመለከተ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ መነሻ ሊሆን ይችላል። ከተማው ይህን ስም በይፋ የሰጠው በ2002 ነው፤ ከባሕሩ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንጀራ በቫን ፍሪጅ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ሳይውል ሳያድር ይሻግታል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ጉዞ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በደረቁ ወራት የእንጨት እሳት የሚከለከልባቸው ቀናት አሉ፤ ያኔ በሶ በጥብጦ መጠጣት ነው። ከሰል ቫን ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ሰው ይገድላል። ቡናም ቢሆን ውስጥ ከተቆላ የጭስ ደወሉ ይጮኻል። ካምፑ ውስጥ ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በትንሽ የጋዝ ምድጃ መቁላት ይሻላል። ነፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ ምድጃውን በቫኑ ጎን መከለል ያስፈልጋል።