የኖርዌይ የቦርድ ኮታ እና አረንጓዴው ፈጠራ

የኖርዌይ የቦርድ ኮታ አክሲዮናቸውን ለሕዝብ መሸጥ በሚችሉ አክሲዮን ማህበራት የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ ከሁለቱም ፆታ ቢያንስ 40 በመቶ አባላት እንዲኖሩ የሚያስገድድ ሕግ ነው። የግል ባለሀብቶችን ኩባንያዎች በዚህ መጠን በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዋ አገር ኖርዌይ ናት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ የፈነዳው በጋዜጣ ነው። በ2002 መጀመሪያ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ አንስጋር ጋብሪየልሰን ለአንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ኮታ መምጣት አለበት አለ። ሰውዬው ያኔ የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባል ነበር። ነጋዴውን የሚደግፍ ወገን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእሱ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ለብዙዎች ዱብ ዕዳ ሆነባቸው። ያኔ ከመቶ የቦርድ ወንበር ሴቶች የያዙት ከአሥር በታች ነበር።

ፓርላማው ሕጉን በ2003 አጸደቀው። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ በፈቃዳቸው እንዲያደርጉት ጊዜ ተሰጣቸው። አብዛኞቹ አላደረጉትም። ስለዚህ ሕጉ በ2006 አስገዳጅ ሆነ፤ ነባሮቹም እስከ 2008 መጀመሪያ እንዲያስተካክሉ ተነገራቸው። ቅጣቱ ደግሞ የገንዘብ አይደለም። ያላሟላ ኩባንያ በፍርድ ቤት ይፈርሳል። «ብቁ ሴት ከየት እናምጣ?» ሲሉ የከረሙት ሁሉ ቀነ ገደቡ ሲደርስ አገኙ። አንዳንዶቹ ግን ሕጉ ወደማይነካው የኩባንያ ዓይነት ዞረዋል። ለምን እንደዞሩ ዛሬም ያከራክራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቦርዱ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ካሉት ሁለቱም ፆታ ይኑር። አራት ወይም አምስት ከሆኑ ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት። ከስድስት እስከ ስምንት ቢያንስ ሦስት። ዘጠኝ ከሆኑ ቢያንስ አራት። ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ግን ሕጉ አይነካውም፤ ያ ወንበር አሁንም በአብዛኛው የወንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ሴቶች ብዙ ቦርድ ላይ ስለተቀመጡ «ወርቃማ ቀሚሶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ብዙ ቦርድ የያዙ ወንዶች ግን ከዚያም በፊት ነበሩ፤ «ወርቃማ ሱሪ» ያላቸው አልተሰማም።

ይህ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ጥናቶች ሴቶች የበዙበትን ቦርድ ከአረንጓዴ ፈጠራ ጋር ያያይዙታል። ፈጠራውን ብዙውን ጊዜ የሚለኩት በፓተንት፣ ማለትም በተመዘገበ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ብዛት ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትቀመጥ እንደ ማሳያ ትታያለች፣ ሦስት ሲሆኑ ግን ድምፃቸው ይሰማል የሚል ክርክርም አለ። ችግሩ መንስኤውን መለየት ነው። ገንዘብ ያለውና ስሙን የሚጠብቅ ኩባንያ ሴቶችንም ይሾማል፣ በአረንጓዴ ሥራም ላይ ያወጣል። የትኛው ነው ሌላውን ያመጣው? ተመራማሪዎች ኖርዌይን የሚወዷት ለዚህ ነው። እዚያ ወንበሩን የሞላው የኩባንያው ፍላጎት ሳይሆን ሕግ ነው።

ያራን እንውሰድ። የኖርዌይ የማዳበሪያ ኩባንያ ነው፤ ከሲሶ በላይ የመንግሥት ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ፖታሽ ፍለጋ ዳሎል ድረስ መጥቶ ነበር። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፣ አሞኒያ ሃይድሮጂን ይፈልጋል፣ ሃይድሮጂኑ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይወጣል። የሚበክለው ካርበን ዳይኦክሳይድ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያራ በ2024 ሄሮያ በተባለው ቦታ ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጂን የሚያወጣ 24 ሜጋዋት ተቋም መረቀ። በዚያው ፋብሪካ ደጃፍ ያራ ቢርከላንድ የተባለች መርከብ ትጭናለች። 80 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ የምትሄደው በባትሪ ነው። ማዳበሪያ የሞሉ ኮንቴይነሮችን ይዛ እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ብሬቪክ ወደብ ትመላለሳለች። ኩባንያው በዓመት 40 ሺህ የናፍጣ መኪና ጉዞ ታስቀራለች ይላል።

ይህን ቦርዱ አልፈጠረውም። መሐንዲሶች ናቸው የሠሩት። የቦርዱ ድርሻ ገንዘቡን መፍቀድና መጠየቅ ነው፦ ጋዙ ቢወደድስ? አረንጓዴውን ማዳበሪያ በውድ የሚገዛ ማነው? መንግሥትም እጁ አለበት፤ ኤኖቫ የተባለው መሥሪያ ቤት መርከቧንም ተቋሙንም ደግፏል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኖርዌይ የካርበን ታክስ፣ ማለትም በሚለቀቅ ካርበን ዳይኦክሳይድ ላይ የሚከፈል ግብር፣ የጣለችው በ1991 ነው። በስሌይፕነር የጋዝ መስክ ካርበን ዳይኦክሳይድን ከባሕር ወለል በታች መቅበር የተጀመረው በ1996 ነው። ያኔ የቦርድ ኮታ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ታክሱ ከኮታው የበለጠ ገፍቷል። ወንበሩ የሚጠቅመው ታክሱ ጥያቄውን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ነው።

ሕጉ ራሱ አልቆመም። በ2023 ፓርላማው አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ወደማይሸጡ መካከለኛና ትላልቅ ኩባንያዎችም አሰፋው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ100 ሚሊዮን የኖርዌይ ክሮነር በላይ ገቢ ያላቸው ገብተውበታል፤ ሌሎቹ በየተራ ይከተላሉ። ወደ ሌላ የኩባንያ ዓይነት ዞሮ ከኮታው ማምለጥም እንደድሮው ቀላል አይደለም።