በበግ መኖ «ሁለት ለአንድ» ማለት ምን ማለት ነው?

አዳማ ውስጥ በፉርሽካ በግ የሚያደልብ ሰው የሽንት ጠጠርን ለመከላከል የሚነገረውን የካልሲየምና የፎስፎረስ «ሁለት ለአንድ» ሕግ፣ ሁለት እጅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለአንድ እጅ ፉርሽካ ማለት ሊመስለው ይችላል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ምጥጥኑ የሚሰላው በጠቅላላው መኖ ውስጥ ባሉት በሁለቱ ማዕድናት ክብደት ነው። አንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ ወደ 10 ግራም ፎስፎረስ ሲይዝ ካልሲየሙ 1 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጉድለቱን ለመሙላት 50 ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበቃል። የአጥንት ዱቄት አይተካውም፤ ራሱ ፎስፎረስ አለውና። ድርቆሽ ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በተለይ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ከሆነው ሙክት ፊት ንጹሕ ውኃ መጥፋት የለበትም፤ ጨው የሚጨመርለትም ብዙ ጠጥቶ ሽንቱ እንዲቀጥን ነው።