ጨረራን መለካትና መጠበቅ፦ ከራጅ ክፍል እስከ ቁራሌው ጓሮ

ጨረራ መከላከል ሰውንና አካባቢን ከጨረራ ጉዳት የመጠበቅ ሙያ ነው። የሥራው ግማሽ መለካት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ጨረራ አመንጪው ነገር የት እንዳለና በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ነው። ይህ ሁለተኛው የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል፤ መዝገብ፣ ቁልፍ፣ ፊርማ። ሰው የሞተባቸውን አደጋዎች ስናይ ግን በርካቶቹ የመጡት ከዚሁ ነው። (ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ላይ ጨረራ የምንለው ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ ማውጣት የሚችለውን ነው። ራጅ፣ ጋማ፣ ቤታ፣ አልፋና ኒውትሮን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጉልበታቸው የሕዋሳችንን ዲኤንኤ ለመበጠስ ይበቃል። ሞባይል፣ ዋይፋይና ማይክሮዌቭ የሚለቁት ሞገድ ይህ ጉልበት የለውም። «ስልክህን ትራስህ ሥር አታድርግ፣ ጨረር አለው» የሚለው ምክር ለእንቅልፍ ታስቦ ከሆነ ያስኬዳል። ከራጅ ጋር አንድ ላይ መፈረጁ ግን ልክ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥም ራጅና ሲቲ ስካን ይቆጠራሉ፤ አልትራሳውንድና ኤም አር አይ አይቆጠሩም።

ጨረራ የሌለበት ቦታ የለም። ከሰማይ ይመጣል፣ ከአፈርና ከድንጋይ ይወጣል፣ በምንበላውም ውስጥ አለ። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ፖታሲየም-40 ብቻ በየሰከንዱ 4000 ገደማ አቶሞች ይፈርሱበታል። በሙዝ የሚቀለደውም ለዚህ ነው፤ ፖታሲየም ስላለው ራዲዮአክቲቭ (ጨረራ አመንጪ) ነው ይባላል። ነውም። ግን ሙዝ በመብላት የሚመጣ ነገር የለም፤ ሰውነት ትርፉን ፖታሲየም በሽንት ያስወግደዋል። በዓለም አማካይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ይደርሰዋል። ሲቨርት ጨረራው በሰውነት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት የሚገምት መለኪያ ነው። ቤከሬል ደግሞ በሰከንድ ስንት አቶም እንደፈረሰ ይቆጥራል።

ከ2.4ቱ ግማሽ ያህሉ የራዶን ድርሻ ነው። ራዶን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። አፈር ውስጥ ካለው ዩራኒየም ይወለዳል፣ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ይገባል፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ይጠራቀማል። ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛ ከሚባሉት የሳንባ ካንሰር መንስኤዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤከሬል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ከ300 እንዳያልፍ። አሜሪካ ቤት የገዛ ሐበሻ ይህን ስም ከቤት ምርመራው ወረቀት ላይ ያውቀዋል። እዚያ 4 ፒኮኩሪ በሊትር፣ ማለትም 148 ቤከሬል በሜትር ኩብ ሲደርስ ቤቱ ይስተካከል ይባላል። ማስተካከያው ብዙ አያስቸግርም። ከወለሉ ሥር ቱቦ ይቀበርና በቬንትሌተር ጋዙን ከጣሪያ በላይ ያስወጣዋል። ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ሰው አከራዩን «ራዶን ተለክቷል ወይ?» ቢል ነገር ፈላጊ አይባልም።

ከሰማይ የሚመጣው በከፍታ ይጨምራል። 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፏ ጅቡቲ ይበልጥ ታገኛለች። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ በሰዓት ጥቂት ማይክሮሲቨርት (የሚሊሲቨርት ሺህኛ) ይደርሳል። ለተሳፋሪ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ለሚበሩ ሠራተኞች ግን ስለሚጠራቀም፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አየር መንገዶች የሠራተኞቻቸውን መጠን እንዲያሰሉ ይገደዳሉ።

ሙያው የተወለደው በጉዳት ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ነው፤ በወራት ውስጥ የእጅ ቃጠሎ ወሬ መሰማት ጀመረ። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በራጅ ሥራ ምክንያት ክንዶቹን ካጣ በኋላ በ1904 ሞተ። ቀጥሎ በአሜሪካ የሰዓት ቁጥሮችን በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ሴቶች መጡ። የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ነበር የሚሠሩት፤ መንጋጋቸው ረገፈ። ዛሬም መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የራዲዮሎጂ ጥበቃ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1928 ስቶክሆልም ላይ ነው።

የመመሪያው አካሄድ ይህ ነው። ጥቅሙ ከጉዳቱ ካልበለጠ ጨረራ አትጠቀም። ከተጠቀምክ የሚቻለውን ያህል አሳንሰው። ከዚያ በላይ የማይታለፍ ጣሪያ አለ። ለሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ ተወስዶ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ለተራው ሰው፣ ከተፈጥሮውና ከሕክምናው ውጪ፣ በዓመት 1 ነው። ለታካሚ ጣሪያ የለም። ምክንያቱም ሐኪሙ «ያስፈልገዋል» ብሎ ከወሰነ መጠኑን የሚወስነው በሽታው ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ ራጅ ክፍል ሳይሆን የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ መነሣት ያለበት። የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም። የሆድ ሲቲ ስካን 8 ገደማ ይደርሳል። «ለማንኛውም ሲቲ እንሥራለት» ሲባል ይህ ልዩነት ትዝ ቢል ጥሩ ነው።

መከላከያው ሦስት ነገር ነው፦ ጊዜ፣ ርቀትና ግርዶሽ። ከሦስቱ ርቀት ገንዘብ አያስወጣም። ከምንጩ ያለህን ርቀት በእጥፍ ስታሳድግ የሚደርስህ ወደ ሩብ ይወርዳል። የራጅ ባለሙያው «አትተንፍስ» ብሎ ከግድግዳው ኋላ የሚሄደው ለዚህ ነው። ታካሚው በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚነሣው፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው።

የራጅ ባለሙያው ደረት ላይ የምታዩት ትንሽ ባጅ ቲኤልዲ ይባላል። ውስጡ ብዙ ጊዜ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል አለ። ክሪስታሉ የደረሰበትን ጨረራ ይዞ ያቆያል። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። እዚያ ሲሞቅ ብርሃን ይሰጣል፤ የብርሃኑ መጠን ባለቤቱ የወሰደውን ይናገራል። ባጁ የሚለበሰው ከእርሳስ ብረት ከተሠራው መከላከያ ሽርጥ ሥር፣ ደረት ላይ ነው። እንግዲህ ባጁ የሚዋሸው ባለቤቱ ሲዋሽ ነው። መሳቢያ ውስጥ የዋለ ባጅ ሁልጊዜ ንጹሕ ሰው ያሳያል። ጋውን ላይ ተሰክቶ ራጅ ክፍል የተረሳ ባጅ ደግሞ ቤቱ የተኛን ሰው ጨረራ ጠገበ ይላል። ባጅ አያድንም፤ የሚናገረውም ከደረሰ በኋላ ነው።

የምርምር ቤተ ሙከራ ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ ጨረራው በሳጥን የታሸገ ሳይሆን በፈሳሽ መልክ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠብ ካለ ጓንት ይነካዋል፣ ጓንቱ የፍሪጅ እጀታ ይነካል፣ እጀታው ሌላ ሰው ይነካል። ስለዚህ እዚያ መብላት፣ መጠጣት፣ ሻይ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፎስፈረስ-32ን እንውሰድ፤ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች ብዙ ያገለገለ ነው። ጀማሪ ሰው ግርዶሹን በእርሳስ ሊሠራ ይነሣል። ስህተት ነው። ከፎስፈረስ-32 የሚወጣው ጠንካራ ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮን) እርሳስ ላይ በድንገት ሲቆም ራሱ ራጅ ያመነጫል። የሚሻለው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) ደግሞ በተቃራኒው ቤታው ደካማ ነው። ጨረራ የሚለካውን የጋይገር ቆጣሪ ስስ መስኮት እንኳ አልፎ አይገባም። መሣሪያው ዝም ስላለ ንጹሕ ነው ብሎ መውጣት የለም። እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ተወስዶ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ ወረቀቱ ብርሃን ሰጪ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ይገባል፣ ከዚያ ይቆጠራል። ቆሻሻውም እንደ ዓይነቱ ነው። ፎስፈረስ-32 በ14 ቀን ገደማ በግማሽ ይወርዳል፤ አምስት ወር ያህል ተቆልፎበት ቢቀመጥ ከሺህ አንድ እጅ ነው የሚቀረው። ትሪቲየም ግን ግማሹ ለመጥፋት 12 ዓመት ይፈጅበታል።

የቁጥጥርን ጥቅም ከማንም በላይ ያሳየው አንድ ጫማ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1986 ጠዋት፣ ስዊድን፣ ፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ። አንድ ሠራተኛ በመፈተሻ በሩ ሲያልፍ ማንቂያው ጮኸ። ችግሩ ጫማው ላይ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ከራሳቸው ጣቢያ ያመለጠ መስሏቸው ነበር። ኋላ ሲመረመር ጨረራው ከደጅ የመጣ፣ በዝናብ የወረደ ሆኖ ተገኘ። 1100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቼርኖቤል ከፈነዳ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሶቪየት ኅብረት ለዓለም የተናገረችው በዚያው ቀን ማታ ነው።

አሁን ወደ ጎያኒያ፣ ብራዚል እንሂድ። አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ሕንፃውን ሲለቅ የሕክምና ማሽኑን ጥሎት ሄደ። ማሽኑ ሴሲየም-137 የተባለ ጨረራ አመንጪ ዱቄት የያዘ ነው። በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ፍርስራሽ ሕንፃው ውስጥ ገብተው የማሽኑን ራስ ፈቱት። ብረቱ ይሸጣል ብለው ነው። ማስመለስ ጀመራቸው፤ ምግብ ነው ያሰኛቸው። ቁርጥራጩን እንደኛ ቁራሌው አሮጌ ብረት ለሚገዛ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ሲያየው ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ገረመው። ዘመድ ወዳጅ ጠርቶ አሳየ፣ ፍርፋሪውንም አካፈለ። ሰውነታቸውን የተቀቡበት አሉ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ዱቄቱን በነካ እጇ በላች።

ቤተሰቡ አንድ በአንድ ሲታመም የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ናት። ሴፕቴምበር 28 ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። ሕመምተኞቹ ሆስፒታል የገቡት የሐሩር በሽታ ተብለው ነበር። በማግሥቱ የፊዚክስ ባለሙያ ተጠርቶ መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና ሕንፃው ጋ ሳይደርስ መርፌው እስከ ጫፍ ሄደ። ወደየትም ቢያዞረው ያው ነው። ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በዚህ መሐል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን ወንዝ ሊጥሉት ነበር፤ ለጥቂት ደረሰባቸው።

የነጋዴውን ሚስትና የ6 ዓመቷን ልጅ ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ። 112,000 ያህል ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተለካ። 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተገፎ ተነሣ። ይህ ሁሉ የመጣው 93 ግራም ከሚመዝን ዱቄት ነው። ሴትዮዋ ባትጠረጥር ስንት ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልፈልግም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 አዲስ ምልክት ያወጣውም ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። ባለ ሦስት ክንፉ ቢጫ ምልክት ለማያውቀው ሰው ምንም አይናገርም። አዲሱ ቀይ ሦስት ማዕዘን የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት፤ የሚለጠፈውም አደገኛው ምንጭ ራሱ ባለበት አካል ላይ፣ ፈቺው በሚያየው ቦታ ነው።

ኢትዮጵያ የዚህ ኤጀንሲ አባል የሆነችው በተመሠረተበት በ1957 ነው። በአገር ውስጥ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በአዋጅ የተቋቋመው በ1993 ሲሆን፣ ለብዙ ጊዜ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በሚል ስም ሠርቷል። ኋላ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛወረ። ራጅ ማሽን ለማስገባትም ሆነ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ይሠራ የነበረውም ጨረራ አመንጪ በሆነው ኮባልት-60 ነው። የኮባልት ጉልበት በ5.27 ዓመት በግማሽ ይወርዳል። ምንጩ ሲያረጅ እያንዳንዱ ታካሚ ማሽኑ ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ቃሊቲ ደግሞ ጋማ ጨረራ የቆላ ዝንብ ወንዶችን ለማምከን ይውላል፤ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ለመዋጋት ነው። መንገድ ሥራ ላይ የአስፋልቱን ጥቅጥቅነት የሚለኩ መሣሪያዎችም ውስጣቸው ምንጭ ያለባቸው አሉ። ተሰብሮ ወይም ተረስቶ መጋዘን የተጣለ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው ቁራሌው እጅ ሊገባ የሚችለው።

ብረቱ ከተቀለጠ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ1983 መጨረሻ ሜክሲኮ፣ ሁዋሬዝ ከተማ፣ አንድ የኮባልት ሕክምና ማሽን ከመጋዘን ወጥቶ ለአሮጌ ብረት ተሸጠ። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የኮባልት ፍሬዎች ነበሩ። ቀልጠው ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆኑ። ማንም አላወቀም። በጃንዋሪ 1984 ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ መንገድ ስቶ ሎስ አላሞስ የተባለው የኑክሌር ምርምር ቤተ ሙከራ ደጃፍ አለፈ፤ መፈተሻው ጮኸ። ነገሩ የታወቀው በዚህ ዕድል ነው። በዚያ ፌሮ የተሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ፈረሱ።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ የብረት ፋብሪካዎችና ወደቦች በራቸው ላይ የጨረራ መፈተሻ ተክለዋል። መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ከጮኸ ጭነቱ አይራገፍም፣ ሾፌሩም ይዞት እንዲመለስ አይደረግም። ግን በወፍራም እርሳስ ተሸፍኖ፣ በብዙ ቶን ብረት ሥር የተቀበረ ምንጭ በሩን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ከምድጃው የሚወጣው ናሙናም አቧራውም ይለካል። ሴሲየም ሲቀልጥ ወደ አቧራው ይሄዳል፤ ኮባልት ግን ፌሮው ውስጥ ይቀራል።