ስለ ኮሌራ መርዝ በስህተት የሚባሉ ነገሮች

«መርዙ አንጀትን ይበሳል፤ ውሃው የሚፈሰው በተበሳው በኩል ነው።»

የሴል ሽፋን የሚበሱ የባክቴሪያ መርዞች አሉ። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ አልፋ መርዝ ለምሳሌ ሰባት ሆኖ ይገጣጠምና ሽፋኑን ይሸነቁራል። የኮሌራው እንዲህ አያደርግም። የታማሚው አንጀት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የውስጥ ሽፋኑ እንዳለ ነው፤ ሰገራውም የሩዝ ውሃ ይመስላል እንጂ ደም የለበትም። ደም ከታየ ሌላ በሽታ መጠርጠር ይገባል።

«የመርዙ ክፍል ሁሉ መርዛማ ነው።»

መርዙ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዳቸው 103 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ያላቸው አምስት ተመሳሳይ «ቢ» ክፍሎች መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ይሠራሉ። 240 አሚኖ አሲድ ያለው «ኤ» ደግሞ ቀጭን ጭራውን በቀለበቱ ቀዳዳ አሳልፎ ከላይ ይቀመጣል። «ኤ» ተቆርጦ ኤ1 እና ኤ2 ይሆናል፤ አንድ የዳይሰልፋይድ ትስስር (በሁለት የሰልፈር አቶሞች መካከል ያለ ማሰሪያ) ያያይዛቸዋል። በሽታ የሚያመጣው ኤ1 ነው። ቀለበቱ ብቻውን ስለማይጎዳ ዱኮራል በተባለው የአፍ ክትባት ውስጥ በአንድ መጠን 1 ሚሊግራም ይገባል።

«ካገኘው ሽፋን ጋር ሁሉ ይጣበቃል።»

ይመርጣል። የሚፈልገው በዋናነት ጂኤም1 የተባለውን ጋንግሊዮሳይድ (በሴል ሽፋን ላይ ያለ፣ ስብና ስኳር የተያያዙበት ሞለኪውል) ነው፤ የዚህ ሞለኪውል የስብ ጭራ ሽፋኑ ውስጥ ተቀብሮ፣ አምስት ስኳሮች ያሉት ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። እያንዳንዱ «ቢ» ከጫፍ ያሉትን ስኳሮች፣ ጋላክቶስንና ሲያሊክ አሲድን፣ በሁለት ጣት እንደሚቆነጥጥ ሰው ይይዛቸዋል፤ ጋላክቶሱ 88ኛው አሚኖ አሲድ በሆነው ትሪፕቶፋን ላይ ይተኛል። መያዣው አምስት ነው፤ አንዱ ቢለቅ አራቱ ስለሚቀሩ መርዙ በቀላሉ አይላቀቅም። (ፉኮስ የተባለ ስኳር ካለባቸው የስኳር ሰንሰለቶች ጋርም ይያያዛል፤ ይዞታው ግን ደካማ ነው።)

«ከተጣበቀበት ቦታ በቀጥታ ሰርጎ ይገባል።»

ቀለበቱ ሽፋኑን አያልፍም። መርዙን ወደ ውስጥ የሚስበው ራሱ ሴሉ ነው። ከዚያ ጎልጂ በተባለው የሴሉ ፕሮቲን ማሸጊያ ክፍል በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ ፕሮቲኖች ወደሚታጠፉበት ክፍል፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ይደርሳል። እዚያ ዳይሰልፋይዱ ይፈታል፤ ኤ1 ይዘረጋና ሴሉ የተበላሹ ፕሮቲኖችን በሚያስወጣበት በር ሾልኮ ይወጣል። ቀጥሎ ጂኤስ የተባለውን የሴሉን ማብሪያና ማጥፊያ ፕሮቲን ላይጠፋ ያበራዋል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው የሴል ውስጥ መልእክተኛ ሞለኪውል ይከማቻል፣ ሲኤፍቲአር የተባለው የክሎራይድ መውጫ ይከፈታል፣ ሶዲየምና ውሃም ተከትለው ይወጣሉ።

«ጸረ ባክቴሪያ ከተወሰደ መርዙ ይቆማል።»

መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አዲስ መርዝ አይመረትም፤ የሕመሙ ጊዜም ያጥራል። ሴል ውስጥ የገባውን ግን አይነካም። ስለዚህ ፈሳሽ መተካት ይቀድማል።

«ኦ አር ኤስ ተቅማጥ ያስቆማል።»

ኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት) የወጣውን ፈሳሽ ይተካል እንጂ ተቅማጡን አያስቆምም፤ «ጠጥቶም አልቆመለትም» ተብሎ መተው የለበትም። የሚሠራው መርዙ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባውን በር ስለማይዘጋ ነው፤ በአንድ ግሉኮስ ሁለት ሶዲየም ይገባል፣ ውሃም ይከተላል። የ1 ሊትሩ ከረጢት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው የያዘው ይህ ተሰልቶ ነው። በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ወይም ስኳር መጨመር ድብልቁን ስለሚያወፍረው ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። ሙሉ ከረጢቱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።