ግራይንድ በባሕር ዳር፦ የጌም ተደጋጋሚ ልፋት አጠቃላይ ዳሰሳ

ግራይንድ ማለት በቪዲዮ ጌም ውስጥ ለልምድ ነጥብ፣ ለገንዘብ ወይም ለዕቃ ሲባል አንድን ሥራ ደጋግሞ መሥራት ነው። ያንኑ ጭራቅ መቶ ጊዜ መግደል፣ ያንኑ ዓሣ ሺህ ጊዜ ማጥመድ፣ በደካማ ቡድን እየተሸነፉ ያንኑ ውድድር መቀጠል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ባሕር ዳር ላይ ቃሉ እንዳለ ይነገራል፤ «ሌቭል ማውጣት» እና «ፋርም ማድረግ»ም ይባላል። የቃሉን የእንግሊዝኛ ትርጉም ከወፍጮው ወስዶ «መፍጨት» የሚል ተጫዋች ግን እምብዛም አይሰማም።

ልፋቱ ያዝናናል ወይስ ያሰለቻል የሚለው ጌሞቹ በተሠሩባቸው አገሮችም ያልተቋጨ ክርክር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ መልሱ ባመዛኙ የሚመጣው ከጌሙ ውጭ ነው፤ ሰዓቱን ማን ይከፍላል፣ መብራቱ ይቆያል ወይ፣ የተለፋበትስ ሳይጠፋ ያድራል ወይ ከሚሉት ጥያቄዎች።

አመጣጥ

ሥሩ ከቪዲዮ ጌም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የልምድ ነጥብንና ደረጃን አስተዋወቀ። በ1986 ጃፓን ውስጥ የወጣው ድራገን ክዌስት ደግሞ ጀግናው እስኪጠነክር ድረስ ከመነሻው ከተማ ሳይርቅ ደካማ ጠላቶችን እየደጋገመ እንዲዋጋ አደረገው። ሜታል ስላይም የተባለው ብዙ ነጥብ የሚሰጥ ግን ቶሎ የሚሸሽ ጠላት የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ፖኬሞን በ1996፣ ኤቨርክዌስት በ1999 ተከተሉ።

በቁጥር ከሁሉም በደንብ የሚታወቀው በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ሩንስኬፕ ነው። በዚህ ጌም አንድን ሙያ 99ኛ ደረጃ ለማድረስ 13,034,431 የልምድ ነጥብ ያስፈልጋል። ግማሹ የሚሞላው ግን 92ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 7 ደረጃዎች ብቻቸውን ከዚያ በፊት የተለፋውን ሁሉ ያህላሉ ማለት ነው። ለሐይቅ ዳር ሰው ምሳሌው ከዓሣ ማጥመድ ሙያ ቢሆን ይቀላል። ተጫዋቹ መጀመሪያ በ10 ነጥብ ሽሪምፕ ያጠምዳል፤ 40ኛ ደረጃ ሲደርስ በ90 ነጥብ ሎብስተር፣ 76ኛ ሲደርስ በ110 ነጥብ ሻርክ ይፈቀድለታል። ከ76ኛው እስከ 99ኛው ሻርክ ብቻ አጥምዶ ለመድረስ 11,697,988 ነጥብ ሲቀረው 106,346 ሻርክ መያዝ አለበት። ቦርሳው 28 ቦታ አለው፤ አንዱን ማጥመጃ ጦሩ ሲይዘው 27 ይቀራል። ስለዚህ 3,939 ጊዜ ሞልቶ መመለስ ይጠበቅበታል። ጣና ላይ ለቆሮሶና ለአምባዛ ሲል ከንጋት በፊት መረብ የሚጥል ሰው ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም። ሆኖም ጌሙ አሁንም ተጫዋች አላጣም። ምክንያቱ ብዙ አያከራክርም፦ እጅ በየደቂቃው አንዴ ነው የሚነካው፤ ዓይንና አፍ ለወሬ ነፃ ናቸው።

ሁለተኛው የሚጠቀስ ምሳሌ የ2004ቱ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። በሙከራው ጊዜ አዘጋጆቹ ረጅም ሰዓት የሚጫወት ሰው የሚያገኘው ነጥብ ወደ ግማሽ እንዲወርድ አድርገው ነበር። ተጫዋቾቹ ቅጣት ነው ብለው ተቆጡ። አዘጋጆቹ ሂሳቡን ሳይነኩ ስሙን ገለበጡት፤ ሙሉ የነበረው «200 በመቶ» ተባለ፣ ግማሽ የነበረው «መደበኛ» ሆነ። ቁጡው ሁሉ አመሰገነ። ዕረፍት የወሰደ ገጸ ባሕርይ በማደሪያ ቤት በየ8 ሰዓቱ የአንድ ደረጃ 5 በመቶ ያህል የዕረፍት ጉርሻ ያጠራቅማል፤ ጣሪያው አንድ ደረጃ ተኩል ስለሆነ ለመሙላት 10 ቀን ይፈጃል። የመሰላቸት ስሜት ከሥራው ብዛት ይልቅ ሥራው ከሚቆጠርበት መንገድ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ልፋቱ ወደ ገንዘብ ሲዞር ነገሩ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ላይ ዳርዝ ቬደር የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለመክፈት 60,000 ክሬዲት (የጌሙ ገንዘብ) ተጠይቆ ተቃውሞ ሲነሳ ወደ 15,000 ዝቅ ተደረገ። ዋጋው ሲወርድ ታሪኩን የጨረሰ ሰው የሚያገኘው ሽልማትም አብሮ ከ20,000 ወደ 5,000 ወርዷል፤ ይህኛው ብዙ አይወራም።

በባሕር ዳር

በጌም ቤት የግራይንድ ጠላት ሂሳቡ ነው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ሲሆን «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ደንብ የተለመደ ነው። በዚህ ደንብ ሁለት ሰው ኳስ ቢጫወት ያዋጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን ፔስ በተባለው የእግር ኳስ ጌም የማስተር ሊግ ቡድን ሲያሳድግ ግን ከጀርባው ተራ ጠባቂ ያጉረመርማል። በፔስ ማስተር ሊግ መነሻው ካስቶሎ፣ ሚናንዳና ሂሜሌዝ የሚባሉ በእውኑ ዓለም የሌሉ ተጫዋቾች ያሉበት ደካማ ቡድን ነው። ጥሩ ተጫዋች የሚገዛው አሸንፎ በሚሰበሰብ ገንዘብ ስለሆነ የመጀመሪያው ሲዝን ከባድ ነው። ልምድ ያለው ሰው የጨዋታውን ርዝመት ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ያደርጋል፣ መጀመሪያ ፈጣን አጥቂ ይገዛል፣ ካስቶሎንም ቶሎ አይሸጥም። የመጨረሻው ምክር ከስሌት ይልቅ ከፍቅር የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሌላ ዓይነት ልፋት አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ ጡንቻ የሚያወጣው ጂም ገብቶ ቁልፍ ደጋግሞ በመምታት ነው፤ ጂሙ ግን የቀን ገደብ አለው፤ ሲሞላ ለዛሬ በቃህ ይላል። የጌሙ አንድ ቀን 24 ደቂቃ ነው። መጠበቅ ያልፈለገ ቤት ገብቶ 4 ጊዜ ሴቭ ያደርጋል፤ አንዱ ሴቭ 6 ሰዓት ስለሚያሳልፍ ቀኑ ይዞራል። ካልበላ ደግሞ መጀመሪያ ስቡ፣ ቀጥሎ የለፋበት ጡንቻ ይቀንሳል።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ከተማዋ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ጎረቤት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም ውሃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። መብራቱ ግን ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሴቭ የሚቀመጠው በ8 ሜጋባይት ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ካርዱ እየተጻፈበት መብራት ከሄደ ፋይሉ ይበላሻል። ስለዚህ በሁለት ቦታ እያፈራረቁ ሴቭ ማድረግ ግዴታ ነው። የጌም ቤት ካርድ የጋራ ስለሆነ ቦታ ሲሞላ የሌላውን ሰው ሴቭ የሚያጠፋ አይጠፋም፤ የራስን ካርድ ኪስ ይዞ መምጣት ይሻላል። ፕሌይስቴሽን 3 በድንገት ከጠፋ ሲበራ የሃርድ ዲስኩን ሥርዓት አስተካክላለሁ ይላል፤ በመሃል ማጥፋት ክልክል ነው። ከሁሉም የሚያንገበግበው ድካም ይህ ነው። አንድን ነገር ሦስት ሰዓት መደጋገምን የሚወድ ሰው እንኳ ያንኑ ሦስት ሰዓት እንደገና ጀምር ሲባል ይነሣል።

ስልክ ላይ የተኩስ ጌሞቹ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ሞባይል ገበያውን ይዘዋል። በነዚህ ልፋቱ የዕለት ሚሽንና የሲዝን ደረጃ ነው፤ ሲዝኑ ሲያልቅ ደረጃው ይወርዳል። የደንገል ታንኳም ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ተጥሎ ሌላ ይሠራል፤ ልዩነቱ ታንኳው በመሃሉ ዓሣ ማምጣቱ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የዕለት ሽልማትም ደረጃም ቆመ።

ኢንተርኔት የማይፈልገው ፒፒኤስኤስፒፒ ግን የፕሌይስቴሽን ፖርተብል ጌሞችን በተራ አንድሮይድ ስልክ ያጫውታል። ለግራይንድ ሁለት ጥቅም አለው፦ ጊዜውን የሚያፋጥን ቁልፍና በማንኛውም ቅጽበት ጌሙን ካለበት መዝግቦ ማቆሚያ። ማቆሚያው አታላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲታደስ አሮጌው ላይከፈት ይችላል፤ ስለዚህ በጌሙ በራሱ ምናሌም ሴቭ ማድረግ ያስፈልጋል። ስልክ ሲቀየር ፒኤስፒ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የሴቭ ፎልደር በዜንደር ማሻገር በቂ ነው።

ያዝናናል ወይስ ያሰለቻል

እድልን የሚመለከተው ክፍል በስሌት ይፈታል። አንድ ዕቃ «ከመቶ አንዴ ይወድቃል» ከተባለ ብዙዎች መቶኛው ላይ እርግጠኛ ይሆናሉ። መቶ ጊዜ ተሞክሮ ያለማግኘት ዕድል ግን 37 በመቶ ገደማ ነው፤ ሦስት መቶ ጊዜ ተሞክሮም ከመቶ 5 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ጌሙ አጭበረበረ የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ሽልማት መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲቀር እጅ ይበልጥ እንደሚደጋግም የሥነ ልቦና ባለሙያው ስኪነር በርግቦች ላይ አሳይቷል። ይህ ደስታ ነው ወይስ ልክፍት የሚለው እንደ ተመልካቹ ይለያያል።

በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ይህ ነው፦ ቀጣዩ ደረጃ በግልጽ ከታየ፣ እጅ ሲሠራ አእምሮ ነፃ ከሆነና አጠገብ ሰው ካለ ድግግሞሹ ያዝናናል። በክረምት ዝናብ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ቡና ተፈልቶ በየተራ ጆይስቲክ ሲቀባበሉ «ሰለቸኝ» የሚል ድምፅ አይሰማም፤ ያው ጌም በሰዓት ሂሳብ ለብቻ ሲሆን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዕድሜም ድርሻ አለው ይባላል።

የዕቃ ጉዳት

ደጋግሞ መምታት ጆይስቲክ ይጨርሳል። በፕሌይስቴሽን 3ቱ ዱዋልሾክ 3 የሚታወቀው ብልሽት ሳይነኩት ቁልፍ ራሱ መጫኑ ነው፤ ሲጄ ለብቻው ይሮጣል፣ ምናሌው ለብቻው ይወርዳል። ብዙ ሰው ቁልፉ ቆሽሾ ነው ብሎ በአልኮል ያጥባል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀጭኑን የፕላስቲክ ሪባን ከቦርዱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ትንሽ ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ይጨፈለቃል፤ ግንኙነቱም ይላላል። ከጀርባ ያሉት 5 ብሎኖች ተፈትተው፣ የባትሪው ሶኬት ተነቅሎ፣ ቦርዱ ቀስ ተብሎ ይነሣል። ስፖንጁ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቴፕ ይደረብና ይዘጋል። ቴፑ ከበዛ ሪባኑ ይጎብጣል፤ ያኔ አንዳንዱ ቁልፍ ጭራሽ አይሠራም፣ አንዱን ንብርብር አንሥቶ እንደገና መሞከር ነው።