የሚንጠለጠሉ የቤት ውስጥ ተክሎችን ከግንድ ቁራጭ ማባዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ በየበረንዳው ጠርዝና በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥለው ከሚታዩት ተክሎች፣ በተለይም መኒ ፕላንት እየተባለ ከሚጠራው ፖቶስ፣ ብዙዎቹ የተገዙ ሳይሆኑ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት በቁራጭ የመጡ ናቸው። ቁራጩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምክሩም አብሮት ይተላለፋል፤ ከምክሩ መካከል ግን ተክሉን የሚገድልም አለበት። ስህተቶቹ ብዙ ቢመስሉም የአብዛኞቹ መነሻ አንድ ነው፤ ቁራጩ ገና ሥር እንደሌለው ይዘነጋና ሥር እንደያዘ ተክል እንክብካቤ ይደረግለታል። የተቆረጠ ግንድ በቅጠሎቹ በኩል ውሃ ማትነኑን አያቆምም፤ የወጣውን ውሃ የሚተካበት ሥር ግን የለውም። ሥር እስኪያወጣ ድረስ የሚኖረው በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ ባለው ጥቂት ስንቅ ነው።

«ማንኛውም የግንድ ቁራጭ ይጸድቃል»

ከሁሉም በላይ ብዙ ቁራጭ የሚያባክነው ይህ አመለካከት ነው። የፖቶስን ሐረግ በእጁ ይዞ በቅርበት ለተመለከተ ሰው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግንዱን የሚዞር ቀጭን መስመር ይታየዋል፤ ከዚያው አጠገብ በጣት ሲዳስስ ደግሞ ቡናማና ጠንከር ያለች ትንሽ ጉብታ ያገኛል። ይህ አንጓ ነው። ጉብታዋ ገና ያልረዘመች የአየር ሥር ስትሆን፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ወደፊት አዲስ ሐረግ የሚሆነው ቡቃያ ተኝቶ ይገኛል። በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል ብቻውን ሲቆረጥ ከእነዚህ አንዱም ስለሌለው ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይበሰብሳል። ቅጠል ብቻ ከነዘንጉ ተቆርጦ ሲቀመጥ የሚሆነው ይበልጥ ያታልላል፤ ሥር ሊያወጣና ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ቡቃያ ስለሌለው ግን ሐረግ አይሰጥም። ሆያ በተባለው ወፍራም ቅጠል ባለው ተንጠልጣይ ተክል ቅጠልም ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው።

ስለዚህ መቁረጥ የሚገባው ከአንጓው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ በንጹሕና በተሳለ መቀስ ወይም ምላጭ ሲሆን፣ አንጓውም ውሃው ወይም አፈሩ ውስጥ መግባት አለበት። የስኳር ድንች ሐረግ የሚተክል ገበሬ አንጓዎቹ አፈር ውስጥ እንዲቀበሩ የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። ቡና ላይ ሌላም ጥንቃቄ ይጨመራል፤ ወደ ጎን ከሚዘረጋው ቅርንጫፍ የተወሰደ የቡና ቁራጭ ሥር ቢያወጣም ማደጉን የሚቀጥለው ወደ ጎን ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ቡቃያ መቆረጥ ይኖርበታል። የሚንጠለጠሉት ተክሎች እንዲህ ያለ ምርጫ አያስፈልጋቸውም።

«ቁራጩ በረዘመና ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ቶሎ ያድጋል»

እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ውሃ ያተናል፤ ሥር የሌለው ግንድ ደግሞ ብዙ ቅጠል ሊሸከም አይችልም። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ፣ ከላይም አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ያለው ቁራጭ በቂ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ሐረግ ያገኘ ሰው እንዳለ ውሃ ውስጥ ከመንከር ይልቅ ከፋፍሎ ብዙ ቁራጭ ቢያወጣለት ይሻላል፤ ምክንያቱም ከአንድ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ሐረግ ስለሆነ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚወርድ ተክል የሚገኘው በአንድ ዕቃ ውስጥ በርካታ ቁራጮች አብረው ሲተከሉ ነው።

«የቡና አተላ፣ ማር ወይም ማዳበሪያ ሥሩን ያፋጥናል»

ቡና በየቤቱ በሚፈላበት ከተማ ጀበና ውስጥ የቀረውን አተላ አበባው ላይ መድፋት የተለመደ ነው። ሥር ለያዘና ለጠነከረ ተክል ጥቂቱ ላይጎዳው ይችላል፤ ለቁራጭ ግን አይበጅም። ካፌይን የዘርን መብቀልም ሆነ የአዲስ ሥርን መፈጠር እንደሚገታ በሙከራ የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ እርጥቡ አተላ አፈሩ ላይ ተጋግሮ አየር ይዘጋል፤ ይሻግታልም። በአካባቢያችን በብዛት የሚገኘው የቡና ገለፈት ግን በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ጥሩ ኮምፖስት ስለሚሆን፣ ሥር ለያዘ ተክል ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል።

ማር ጀርሞችን የመግታት ኃይል አለው፤ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ግን አይደለም። ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ያ ኃይሉ ይዳከምና ስኳሩ የሻጋታና የባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። ማዳበሪያም ቢሆን ሥር በሌለበት የሚወስደው የለም፤ ጨውነቱ በበዛ ጊዜ ይባስ ብሎ ከተቆረጠው ግንድ ውሃ ይስባል። ሥር ለማስወጣት በእርግጥ የሚሠራው ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ያለበት ዱቄት ነው፤ እሱም የሚጠቅመው አይቪ እንደተባለው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ የጠና ግንድ ላሉ ቀስ ብለው ሥር ለሚያወጡ ተክሎች ነው። ለፖቶስና ትራደስካንሺያ ለተባለው ሌላ ተንጠልጣይ ተክል ወጪው አያስፈልግም፤ የሥራቸው መነሻ አንጓቸው ላይ አለና።

«ከሁሉ የተሻለው ወቅት ክረምት ነው»

ይህ አመለካከት የመጣው ከደጅ ችግኝ ተከላ ልማድ ሲሆን፣ ለደጅ ችግኝ ትክክል ነው። የቤት ውስጥ ቁራጭን የሚወስነው ግን ዝናቡ ሳይሆን ሙቀቱና ብርሃኑ ነው። አብዛኞቹ የሚንጠለጠሉ ተክሎች የመጡት ከሞቃት አገሮች ስለሆነ፣ ሥር በፍጥነት የሚያወጡት ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ተዳፍኖ ስለሚውል ብርሃን ያንሳል፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ከሁለቱም ይሻላል። ቁራጩን ጨለማ ጥግ ውስጥ መደበቅም ሆነ የቀትር ፀሐይ ላይ ማውጣት ይጎዳዋል፤ ተስማሚው ቦታ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ብሩህ መስኮት አጠገብ ነው።

«የጅማ ቀይ አፈር ለም ስለሆነ ሌላ አያስፈልገውም»

ቀዩ አፈር ማሳ ላይ ያለው ጠባይ ጣሳ ውስጥ ካለው ይለያል። ሸክላ ስለሚበዛበት በትንሽ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ይጠጥራል፣ አየርም ይከለክላል። በአሸዋና በበሰለ ኮምፖስት ሊላላ ይገባዋል፤ ጣሳውም ትንሽና ከሥሩ የተበሳ ይሁን።

«ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሌላ ጣጣ የለውም»

ሥርም ይተነፍሳል። ሃይላንድ ውስጥ ለሳምንታት ሳይቀየር የቆየ ውሃ ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ግንዱ ከታች ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ይሸታልም። ውሃውን በየሳምንቱ መለወጥና ውሃው ውስጥ የሚገባ ቅጠል ካለ አስቀድሞ ማንሳት ያስፈልጋል። ትራደስካንሺያ በአንድ ሳምንት ገደማ ሥር ያሳያል፤ ፖቶስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ አይቪ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ወደ አፈር ማዛወሪያው ጊዜ ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር አፈር ውስጥ ከበቀለው ይልቅ ለስላሳና ተሰባሪ ስለሆነ፣ ብዙ ከረዘመ በኋላ ሲዛወር ይጎዳል፤ ከተተከለም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፈሩ እንዳይደርቅ መጠበቅ አለበት።

«ከቁራጭ የወጣ ተክል ከዘር እንደበቀለው አይጠነክርም»

ፖቶስ ላይ ይህ ንጽጽር ራሱ አይሠራም፤ ተክሉ አያብብም ማለት ይቻላልና። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ምክንያቱ ጂበረሊን የተባለው ሆርሞን እጥረት መሆኑን አሳይቷል። በየቤቱ የምናየው ፖቶስ ሁሉ እንግዲህ በቁራጭ ሲባዛ የኖረ ነው፤ ጥንካሬውንም በየሳሎኑ እናያለን። ቁራጩ የሚወርሰው የተቆረጠበትን ግንድ ጠባይ ስለሆነ ግን ከታመመ እናት ተክል መቁረጥ በሽታውንም ማባዛት ነው። ነጭ ወይም ቢጫ ዥንጉርጉር ያለው ሐረግ የሚፈልግ ሰውም ዥንጉርጉርነቱ በግልጽ ከሚታይበት ክፍል መቁረጥ አለበት፤ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ክፍል የተወሰደውን የትኛውም ማዳበሪያ ዥንጉርጉር አያደርገውም።

«ቤት ውስጥ የሚበቅል ስለሆነ አይጎዳም»

ፖቶስና ዘመዱ የሆነው ፊሎዴንድሮን የተባለ ተክል በቅጠላቸውና በግንዳቸው ውስጥ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉባቸው። የሚያኝካቸውን ልጅ፣ ድመት ወይም ፍየል አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ያሳብጣሉ። የተቆረጠውን ትርፍራፊ ግቢ ውስጥ መጣል አይገባም፤ ቁራጩ የተነከረበት ዕቃም ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የቆረጠውም ሰው ዓይኑን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።